ልጃችሁ የሚለካው አየር

ረሆቮት በግብርና ፋኩልቲው የሚማር ልጃችሁ «ሥራዬ ውኃ ውስጥ የሚገባ አየር መለካት ነው» ቢላችሁ አትሳቁበት። ፍሳሽ የሚያጣሩት ጥቃቅን ተሕዋስያን እንደኛው ኦክስጅን ይሻሉ። በትልቅ ጋን ውስጥ አሸዋ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ከሥር የሚገፋው ውኃና አየር አሸዋውን እንደ ሽሮ ያንተከትከዋል። ለመለካት መጀመሪያ ናይትሮጅን ነፍተው ኦክስጅኑን ያስወጣሉ፤ ከዚያ አየር ለቀው በስንት ጊዜ እንደሚሞላ ያያሉ። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በ25 ዲግሪ ሙቀት ከአየር የሚይዘው ኦክስጅን 8 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ቶሎ ከሞላ መብራት ይቆጠባል። የቴል አቪቭ አካባቢ ፍሳሽም ሻፍዳን ላይ አየር እየተነፋበት ተጣርቶ የኔጌቭን እርሻ ያጠጣል። ውኃ በእንስራ ተቀድቶልን ያደግን እኛ ዋጋውን እናውቃለን። ልጅ ሥራውን ለወላጁ ማስረዳት ሲተው ቤቱ ዝም ይላል፤ ማታ «ዛሬስ ቶሎ ሞላ?» ብላችሁ ጠይቁት።