ከድሬዳዋ ወደ ሙሻ ደሴት

ሙሻ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ከጅቡቲ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ የኮራል ደሴት ናት። አጠገቧ ማስካሊ የምትባል ታናሽ ደሴት አለች። ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ደሴት ለሚያምረው ሰው ሙሻ ከጣና ደሴቶች ይልቅ ትቀርባለች፤ ባሕር ዳር ለመድረስ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ሲያስፈልግ የጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ግን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ድንበር መኖሩ ቅርበቱን ያስረሳል።

ጉዞው በባቡር ይጀምራል። ከዚራ ያለው የድሮው ጣቢያ የከተማዋ መፈጠሪያ ነው፦ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ፤ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተመቸው ከተማ በሜዳው ላይ በቀለ። የዛሬ መንገደኛ ግን ወደ ከዚራ ሳይሆን ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ አቅጣጫ ወደሚገኘው አዲሱ ጣቢያ መሄድ አለበት። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰፊው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ተመርቆ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በጥር 2018 ነው። ባቡሩ በአዲጋላና በአይሻ አድርጎ ደወሌ ላይ ድንበር ይደርሳል፤ ከዚያ በአሊ ሳቢህና በሆልሆል በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች መንገዱ በአመዛኙ ቁልቁለት ነው። ከመስኮቱ ውጭ ግራር፣ ጥቁር ድንጋይና ፍየል ይታያሉ። ባቡሩ በየዕለቱ ላይሄድ ስለሚችል የሚነሳበት ቀን ከጣቢያው ይጠየቃል፤ ትኬት ለመግዛትም ፓስፖርት መያዝ ያስፈልጋል።

የጅቡቲው ጣቢያ ናጋድ ይባላል፤ እሱም ከከተማው ውጭ ስለሆነ ወደ መሃል በታክሲ መግባት ግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ኢትዮጵያዊ በሰዓት ይሳሳታል። የሁለቱ አገሮች ሰዓት አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን የተለየ ነው። የጅቡቲ ጀልባ በ8 ሰዓት ይነሳል ከተባለ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው፤ ይህን የዘነጋ ሰው ወደብ የሚደርሰው ባሕሩ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። በማለዳ መነሳት ለሌላም ነገር ይበጃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ እየበረታ ማዕበሉ ይነሳል፤ በዚያ ላይ ከአወዳይና ከድሬዳዋ አካባቢ የሚሄደው ጫት በቀትር ከተማው ከገባ በኋላ ሥራ የሚሠራ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ወደ ሙሻ የሚሄዱት ጀልባዎች በአብዛኛው በኪራይ ወይም በአስጎብኚዎች በኩል የሚያዙ ሲሆኑ የሚነሱትም ኤስካል ከሚባለው የጀልባ ወደብ ነው። ፈጣኑ ሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት፣ ዘገምተኛው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዋጋው የሚታሰበው በጀልባው እንጂ በሰው ስላልሆነ በቡድን መሄድ ይረክሳል። የደርሶ መልስ ሰዓቱን፣ የሕይወት ጃኬት መኖሩንና የሰው ብዛቱን ሳይነሱ በፊት መስማማት ይገባል። ይህ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2006 ወደ ታጁራ ለሃይማኖታዊ በዓል ሕዝብ ጭኖ የተነሳ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ብዙ ሳይርቅ ሰምጦ በርካታ ሰው አልቋል።

ደሴቲቱ ዝቅተኛና ደረቅ ናት። ወንዝ የላትም፤ የሚጠጣው ውሃ ከከተማ የሚመጣ ነው፤ ጥላም እንደ ልብ አይገኝም። ማንግሮቭ የሚባሉት በጨው ውሃ የሚበቅሉ ዛፎች ግን የባሕር ወፎችና ትንንሽ ዓሦች መጠለያ ሆነዋል። የሙሻ ሀብት ያለው ከውሃው በታች ነው። የኮራሉን አለት በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ማየት ስለሚቻል ጥልቅ ዋና የማያውቅ ሰውም በጃኬት ተንሳፎ ሊደሰት ይችላል። ኮራል ሕይወት ያለው ፍጡር ስለሆነ መርገጥም ሆነ መስበር አይገባም፤ እግርንም ስለሚቆርጥ የውሃ ጫማ አይረሳ። አርብ የጅቡቲዎች የዕረፍት ቀን በመሆኑ ጸጥታ የፈለገ ሌላ ቀን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ይህች ደረቅ መሬት በአንድ ወቅት ተሸጣለች። እ.ኤ.አ. በ1840 የታጁራ ሱልጣን ለእንግሊዞች የሰጣት በ10 ከረጢት ሩዝ ነበር። እንግሊዞቹ ኤደንን ከያዙ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ትይዩ ያለው የአፍሪካ ዳርቻና ወደ ሸዋ የሚወስደው የታጁራ መንገድም ይፈለግ ነበር። በዓመቱ በካፒቴን ሃሪስ የተመራው ልዑካቸው በታጁራ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሄደ። ደሴቲቱ በኋላ ወደ ፈረንሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ነጻ ወደወጣችው ጅቡቲ ተላለፈች።

መደበኛ ፌሪ የሚመርጥ ሰው ከጅቡቲ ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ ከሚሄደው መስመር ይሳፈራል። ታጁራ ደሴት ባትሆንም በባሕር ሲገቡባት ነጫጭ መስጊዶቿና ከኋላዋ የቆሙት የጎዳ ተራሮች ደሴት ያስመስሏታል። ሐረር የኖረው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ለመውሰድ ግመል ሲጠብቅ ወራት የባከኑበት እዚያ ነው።

ለመሄድ የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ፣ ማለትም ከዓሦች ሁሉ ግዙፍ የሆነውና በደቃቅ የባሕር ነፍሳት የሚኖረው ዓሣ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል፤ ከአርታ ዳርቻ የሚነሱ ጀልባዎች ሰውን የሚያስጠጉት በዚሁ ወቅት ነው። በክረምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አሸዋ የያዘ ነፋስም ይነፍሳል። ያኔ ጉዞው ይገለበጣል፦ አቅም ያላቸው የጅቡቲ ቤተሰቦች ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይወጣሉ። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚመለስ ሰው የመመለሻ ትኬቱን ቀደም ብሎ መያዝ ይኖርበታል።