ሰው ሠራሽ ጡትና አራስ ልጅ

ለውበት ብላ በጡቷ ውስጥ ሲሊኮን ያስገባች ሴት ስታረግዝ፥ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ምክር «ልጅሽን መርዝ እንዳታጠቢው» የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ከየት እንደ መጣ ባጭሩ እንመልከት። በሲሊኮን ዝልግልግ የተሞላው ሰው ሠራሽ ጡት መጀመሪያ የተገጠመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 በቴክሳስ፥ በሂዩስተን ከተማ ሲሆን፥ ሐኪሞቹ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው ነበሩ። ቆይቶም ከረጢቱ ይቀደዳል የሚል ሥጋት ተነሣና በ1992 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለውበት ሲባል እንዳይገጠም ከለከለ፤ በ2006 መልሶ ፈቀደ። ወሬው ግን አልተመለሰም።

ታዲያ ሲሊኮኑ ወደ ወተት ይገባልን? በካናዳ፥ በቶሮንቶ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1998 ባወጡት ጥናት፥ ሰው ሠራሽ ጡት ያላቸውን 15 እናቶችና የሌላቸውን 34 እናቶች ወተት መርምረው፥ የሲሊኮን ምልክት የሚሆነውን ሲሊከን የተባለ ንጥረ ነገር ቢለኩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። በላም ወተት ያገኙት ግን ከአሥር እጥፍ በላይ፥ በፋብሪካ በሚሠራው የሕፃናት ወተት ያገኙት ደግሞ ከዚያም የበለጠ ነበር። (ያ ወተት ይጎዳል ማለታችን አይደለም።) እንግዲህ በዚህ ፍርሃት ጡቷን ትታ ወደ ቆርቆሮ ወተት የምትሸሽ እናት፥ የፈራችው ነገር ወደሚበዛበት መሸሿ ነው።

እኛ ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው እንላለን፤ ይኸውም ወተቱ ይበቃል ወይ? የሚለው ነው። ከረጢቱ የሚቀመጠው ወተት ከሚሠራው ዕጢ በስተኋላ ወይም ከደረት ጡንቻ ሥር ስለ ሆነ፥ ዕጢው ሥራውን አይተውም። ጉዳቱ የሚመጣው ምላጩ ከሄደበት መንገድ ነው። በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጥቁር ክብ በኩል የተቀደደ እንደ ሆነ የወተት ቧንቧዎችና ነርቮች ሊቆረጡ ይችላሉ፤ ሕፃኑ መጥባቱን ለአንጎል የሚነግረው፥ ወተቱንም የሚያስለቅቀው ያው ነርቭ ነውና። ከጡት ሥር ወይም በብብት በኩል ሲገባ ጉዳቱ ያንሳል። ደግሞም ከመጀመሪያው ዕጢዋ ትንሽ የነበረ ሴት ወተቷ ቢያንስ፥ ምክንያቱ ቀዶ ጥገናው ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ በየት በኩል እንደ ተቀደደች ለአዋላጇ ትንገር፤ ከባሏ የደበቀች ብትሆን እንኳ ከአዋላጇ አትደብቅ። ከወለደችም በኋላ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ታጥባ። ከአምስተኛው ቀን ወዲያ ሕፃኑ በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ ካልሸና፥ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ልደት ክብደቱ ካልተመለሰ፥ ወተቱ ሳይበቃው ይሆናልና በቶሎ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የጡቷ መሙላት ምስክር አይሆናትም፤ ያጋተ የሚያስመስለው ከረጢቱ ሊሆን ይችላል። ወተቱ ያነሰ እንደ ሆነም የሚወጣውን ያህል እያጠባች፥ የጎደለውን በሐኪም ምክር በሌላ ወተት ትሞላለች።