የጋራ መኖሪያ ወርኃዊ መዋጮ እንዴት ይተመናል?

አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ለአገልጋዮች፣ ለአረጋውያንና ለችግረኞች መኖሪያ የሚሆኑ ቤቶችን ሲያሠሩ ምእመናን በጉልበትና በገንዘብ ይረባረባሉ፤ ምረቃውም በጸሎትና በእልልታ ይከበራል። ከምረቃው ማግሥት ጀምሮ ግን ለሰበካ ጉባኤው አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ቤቱ በየወሩ በምን ይተዳደራል? ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ያስተማረው (ሉቃ. 14፥28) ለግንባታው ብቻ ሳይሆን ከግንባታው በኋላ ላለው ዘመንም ይሠራል።

በአንድነት መኖር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። በአንድነት ገዳማት መነኰሳት ሥራቸውንና ማዕዳቸውን የጋራ አድርገው ይኖራሉ፤ የገዳሙን ንብረትም መጋቢው ይጠብቃል። በውጭው ዓለም በ1972 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ሴተዳመን በተባለ ስፍራ ቤተሰቦች የየግል ቤታቸውን ይዘው፣ አብረው የሚመገቡበትና የሚሰበሰቡበት አንድ የጋራ ቤት ያለው መንደር መሥርተዋል፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። በአገራችን ከተሞችም የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ማኅበር አቋቁመው ጣሪያውን፣ ደረጃውንና ግቢውን በጋራ ያስተዳድራሉ። የአኗኗሩ መልክ ቢለያይም የሒሳቡ ጥያቄ አንድ ነው።

ብዙ ኮሚቴዎች መዋጮውን የሚወስኑት «ነዋሪው ስንት ቢባል አይከብደውም?» ብለው በመጠየቅ ነው። ጥያቄው ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ቤቱ በእርግጥ ስንት ያስወጣል?» የሚለው ነው። የመክፈል ዐቅም የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስት ዓይነት ወጪዎች

የመጀመሪያው በየወሩ የሚከፈለው ነው፤ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ደመወዝ፣ የጋራ መብራትና ውኃ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ፣ ጥቃቅን ጥገና። ሁለተኛው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚመጣው ነው፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ማስመጠጥ፣ የታንከር እጥበት፣ የሒሳብ ምርመራ። ሦስተኛው ለብዙ ዓመታት የማይታይና በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚደርስ ነው፤ የፓምፕ መለወጥ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ማደስ፣ ቀለም። ኮሚቴዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይቈጥራሉ፣ ሁለተኛውን ይዘነጋሉ፣ ሦስተኛውን ለእግዚአብሔር ይተዋሉ።

አንድ ምሳሌ

ለማስረዳት ያህል ብቻ 20 አባወራዎችና እማወራዎች የሚኖሩበትን ግቢ እንውሰድ። እያንዳንዱ አጥቢያ ቍጥሮቹን በአካባቢው ዋጋ መተካት አለበት።

ወርኃዊ ወጪ፦ ለሁለት ጥበቃዎች 10,000 ብር፣ ለጽዳት 4,000፣ ለጋራ መብራት 3,000፣ ለጋራ ውኃ 2,000፣ ለቆሻሻ ማስወገጃ 1,000፣ ለጥቃቅን ጥገና 2,000፤ ድምሩ 22,000 ብር።

ዓመታዊ ወጪ፦ በድምሩ 24,000 ብር ቢሆን ለ12 ወራት ሲካፈል በወር 2,000 ብር።

መጠባበቂያ፦ እያንዳንዱን ዕቃ ዛሬ በሚለወጥበት ዋጋ ተምነን ለሚያገለግልበት ዘመን ወራት እናካፍላለን። 84,000 ብር የሚያወጣና 5 ዓመት የሚያገለግል ፓምፕ በወር 1,400 ብር፤ 72,000 ብር የሚያወጣና 12 ዓመት የሚቆይ ታንከር 500 ብር፤ በ20 ዓመት የሚታደስ የ600,000 ብር ጣሪያ 2,500 ብር፤ በየ5 ዓመቱ የሚቀባ የ120,000 ብር ቀለም 2,000 ብር። ድምሩ 6,400 ብር ነው።

ሦስቱ ሲደመሩ 30,400 ብር ይሆናል። ይህን ለ20 ብናካፍል ለእያንዳንዱ ቤት 1,520 ብር ይደርሳል። ነገር ግን በየወሩ አንድ ቤት ባዶ ሊሆን ወይም ክፍያው ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ለ19 ማካፈል ይበጃል፤ መዋጮው 1,600 ብር ይሆናል።

የወሩን ወጪ ብቻ የቈጠረ ኮሚቴ ግን 22,000ን ለ20 አካፍሎ 1,100 ብር ይወስን ነበር። በ500 ብር የቀነሰው መዋጮ ነዋሪውን ያስደስታል። ፓምፑ በተቃጠለ ዕለት ግን እያንዳንዱ ቤት 4,200 ብር በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ደኅና ገቢ ያለው ተበድሮም ቢሆን ይከፍላል፤ ጧሪ የሌላት አረጋዊት ከወዴት ታመጣለች? ዝቅ ያለው መዋጮ ምሕረት መስሎ ቢታይም ሸክሙን የሚጥለው በደካማው ላይ ነው።

አከፋፈሉ

ሁሉንም ወጪ እኩል ማካፈል ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይሆንም። ጥበቃና ጽዳት ሁሉን እኩል ስለሚያገለግሉ በቤት ቍጥር ቢከፈሉ ተገቢ ነው። ጣሪያና ቀለም በቤቱ ስፋት፣ ውኃ ደግሞ ቈጣሪ ካለ በቈጣሪው፣ ከሌለ በነዋሪው ብዛት ቢሰላ ይሻላል። ሆኖም ስሌቱ በበዛ ቍጥር ክርክሩም ይበዛልና ቤቶቹ ተቀራራቢ ከሆኑ አንድ ወጥ መዋጮ ይበቃል። ዋናው ነገር ውሳኔው ነዋሪዎቹ በተገኙበት ጉባኤ ተመክሮበት በቃለ ጉባኤ መስፈሩ ነው።

መክፈል የማይችሉት

ችግረኛ ነዋሪ ሲኖር መዋጮውን ለሁሉም ዝቅ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም። በነዋሪው ስም ሙሉው 1,600 ብር ይመዝገብ፤ እርሱ 600 ብር መክፈል ከቻለ ቀሪው 1,000 ብር ከሰበካ ጉባኤው የበጎ አድራጎት በጀት ወደ ቤቱ ሒሳብ ይግባ። እንዲህ ሲሆን የቤቱ ሒሳብ አይጎድልም፤ ሰበካ ጉባኤውም ለችግረኞች በዓመት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ያውቃል። የተረጂው ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ የለበትም፤ ክብሩን መጠበቅ የርዳታው አንድ ክፍል ነው።

ጥበቃና ክለሳ

መጠባበቂያው ከዕለት ወጪው ተለይቶ በሌላ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ያለ ጉባኤው ውሳኔና ከአንድ በላይ ፊርማ ወጪ አይደረግበት። ለእያንዳንዱ ክፍያ ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጥ፤ ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ለነዋሪዎች ይነበብ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለወጥ ስሌቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ከአዲሱ በጀት በፊት፣ እንደገና ይሠራ። ከ5 ዓመት በፊት በነበረ የፓምፕ ዋጋ የተጠራቀመ ገንዘብ ዛሬ ፓምፕ አይገዛምና።

መኖሪያ ቤት ለመሥራት ያቀደ ሰበካ ጉባኤም ይህን ስሌት የመሠረት ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት ቢያዘጋጅ፣ ቤቱ ሊሸከመው የሚችለውን ወጪና አጥቢያው በየዓመቱ መጨመር ያለበትን ድጎማ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ያየዋል። ያን ጊዜ የሕንፃውን መጠን መቀነስ ወይም ዕቅዱን ማሻሻል ይቻላል።