በዋልካ ላይ የሚነሳ ካሶኒ

ሲኖትራክ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው አውራ ጎዳናው ላይ ሲከንፍ ነው። ሕዝቡም ቀለሙንና የሚያደርሰውን አደጋ አይቶ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም አውጥቶለታል። ገልባጭ መኪና ግን ቆሞም ይገድላል። ጎማው ሳይንቀሳቀስ፣ ካሶኒው ወደ ላይ እየወጣ ሳለ በድንገት በጎኑ ይጋደማል። ይህ አደጋ የሚደርሰው አስፋልት ላይ ሳይሆን ሥራ ቦታ ውስጥ በመሆኑ ወሬው ከአጥሩ ብዙም አይርቅም። ቢወራም «ሹፌሩ ተዘናግቶ ነው» ወይም «ቀኑ ደርሶ ነው» ተብሎ ይዘጋል። በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ለሚሠራ ሰው ሁለቱም መልሶች አይበቁም። በዚያ አገር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መኪናው የቆመበት መሬት ነው፤ ቀጥሎም «እዚህ አራግፍ» ያለው ሰው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በአገራችን የተለመደው ባለ 16 ሜትር ኩብ ገልባጭ ጠጠር ሞልቶ ሲጫን ጭነቱ ብቻ ከ25 ቶን ያልፋል፤ ጭነቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። መንገድ ላይ ሳለ ይህ ሁሉ ክብደት ዝቅ ብሎ በሻንሲው ላይ ተዘርግቷል። ጃኩ ካሶኒውን ወደ 50 ዲግሪ ሲያነሳው ግን የፊተኛው ጫፍ ከነበረበት 4 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። አሁን የአንድ ወገን የኋላ ጎማዎች 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሰመጡ እንበል። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.8 ሜትር ገደማ ስለሆነ መኪናው 3 ዲግሪ ያዘማል። መሬት ላይ ያለ ሰው ልብ የማይለው ይህ ዝንባሌ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ጭነት ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን ይወስደዋል። እግሩ ሥር ጠጠር የገባበት ረጅም መሰላል ጫፉ ምን ያህል እንደሚሄድ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ችግሩ ደግሞ በዚህ አያበቃም። ክብደቱ ወዳዘመመበት ወገን ሲያደላ የዚያ ወገን ባሌስትራና ጎማ የበለጠ ይጫናሉ፣ ሥራቸው ያለውም አፈር የበለጠ ይሰምጣል፣ ዝንባሌው ይጨምራል፣ ክብደቱም እንደገና ያደላል። ጃኩ ለመግፋት እንጂ ካሶኒውን ወደ ጎን እንዳይወድቅ ለመደገፍ የተሠራ አይደለም። በብሪታንያ የመንገድ ትራንስፖርት መሐንዲሶች ማኅበር መመዘኛ መሠረት ማንኛውም ቦታ ገብቶ ለማራገፍ ብቁ የሚባለው ገልባጭ ጭነቱን ይዞ ካሶኒው ሙሉ በሙሉ ተነስቶ በ7 ዲግሪ የጎን ዝንባሌ ላይ ሳይወድቅ መቆም አለበት። በተዘጋጀ ደልዳላ ቦታ ብቻ ለሚሠራው ደግሞ 5 ዲግሪ ይበቃል። እንግዲህ ለስላሳ አፈር ውስጥ የገባ 10 ሴንቲ ሜትር ከዚያ ከ5ቱ ሦስቱን በላ ማለት ነው። ይህም ጎማው ሁሉ እኩል የተነፋ፣ ጭነቱም በመሐል የተቀመጠ ከሆነ ነው።

የመተማ ቆላ መሬት ደግሞ አብዛኛው ዋልካ ነው። ከሱዳን ገዳሪፍ ሜዳ ጋር አንድ የሆነው፣ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ዓይነቱ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል። ለገበሬው በረከት የሆነው ባሕርይው ለመሐንዲሱና ለሹፌሩ ጠላት ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ፣ አንዳንዴም እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሲዘንብ ጭቃው ጎማ እንደሚውጥ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል። አሳሳቹ ከዝናብ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። የቆላው ፀሐይ የላዩን ቆዳ ቶሎ ያደርቀዋል፤ ላዩ ነጣ ብሎ ጠንካራ ይመስላል፣ ሰው ሲረግጠው አይሰምጥም፣ ባዶ መኪና ሲያልፍበትም ችሎ ያሳልፋል። ከሥሩ ያለው ግን ገና እርጥብ ነው። ከ25 ቶን በላይ የጫነ መኪና ካሶኒውን ሲያነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ አክስሎች ይሰበሰባል፣ ያ ቀጭን ቆዳም ይሰበራል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ግጥምጥሞሽ አለ። ዋልካ ላይ መንገድም ሆነ ቤት ለመሥራት አፈሩን ቆርጦ ማውጣትና በገረጋንቲ መተካት ያስፈልጋል። ገልባጩን በቢያጆ ላይ ቢያጆ እያስመላለሰ ወደዚያ የሚጠራው አፈር፣ መልሶ የሚጥለውም እሱው ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ጭነቱ ውስጥ ነው። ደረቅ ጠጠር ካሶኒው እንደተነሳ ይንሸራተታል። ጭቃነት ያለው ገረጋንቲ ወይም ተቆርጦ የወጣ ዋልካ ግን ከካሶኒው ወለልና ማዕዘን ጋር ይጣበቃል። በኋላ በኩል ያለው ሲወርድ የፊተኛው ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያኔ ሹፌሩ ግማሹ ስለወረደ አደጋው የቀነሰ ይመስለዋል፤ የቀረው ክብደት ግን ያለው ከሁሉ በላይ ከፍ ባለው ቦታ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ ከተጣበቀ ደግሞ የባሰ ነው። በዚህ ጊዜ የተለመደው መላ መኪናውን ወደፊት ነድቶ በድንገት ፍሬን በመያዝ ማንገጫገጭ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ የከፋ ልማድ የለም። ትክክለኛው ነገር ካሶኒውን አውርዶ የተጣበቀውን በሌላ መንገድ ማስለቀቅ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሰው አይበላም።

«ይህ ሁሉ ከመጠን በላይ መጫን ያመጣው ነው» የሚሉ አሉ። ስፖንዳ ላይ ጣውላ ጨምሮ መጫን አደጋውን እንደሚያባብስ አያከራክርም። ነገር ግን የተጠቀጠቀ ደልዳላ መሬት ላይ የቆመ መኪና ትርፍ ጭኖም ብዙ ጊዜ በሰላም ያራግፋል፤ በልኩ የጫነ መኪና ግን ሰማጭ መሬት ላይ ይወድቃል። ትርፍ ጭነት ስህተቱን ያከብደዋል እንጂ መነሻው እሱ ብቻ አይደለም። ሌሎች ደግሞ በልምድ ይተማመናሉ፤ የሠለጠነ ሹፌር መኪናው ሲያዘም ይሰማዋል፣ ካሶኒውንም መልሶ ያወርዳል ይላሉ። እውነቱ ግን ሻንሲው ከኋላ ጀምሮ እየተጠመዘዘ ስለሚሄድ ጋቢናው ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ሹፌሩ ዝንባሌው የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ያለው ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ካሶኒውን ማውረድም በቅጽበት የሚሆን አይደለም። ልምድ የሚጠቅመው ካሶኒው ከመነሳቱ በፊት፣ ቦታውን ለመመርመር ነው።

«በበጋ ምን ችግር አለ?» የሚለው ጥያቄ በከፊል ልክ ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ ዋልካው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሆኖም ስንጥቁ የሚሰፋውም ያኔ ነው፣ የመንገድ ሥራው የሚፋጠነውም ያኔ ነው። መኪናው ገና ባልተጠቀጠቀ ሙሌት ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ እየሄደ ያራግፋል። ጠርዙ ከተናደ ወቅቱ በጋ መሆኑ ምንም አያድንም።

ካሶኒው ሲወድቅ የሚመታው ማንን እንደሆነ ማሰብ ደግሞ ያስፈልጋል። ሹፌሩ ቢያንስ በብረት ጋቢና ውስጥ ነው። ቀበቶውን አስሮ መሪውን ይዞ ከቆየ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በሩን ከፍቶ የሚዘል ሹፌር ግን መኪናው በሚወድቅበት ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከሁሉ በላይ የተጋለጠው ከጎን ቆሞ እጁን እያወዛወዘ የሚመራው ረዳት ነው። ድንጋይ የሚደለድሉ የቀን ሠራተኞች፣ ጎን ለጎን ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ የሌላ መኪና ሹፌርም እንዲሁ። የተነሳ ካሶኒ ወደ ጎን ሲጋደም የራሱን ቁመት ያህል ቦታ ይሸፍናል፤ ስለዚህ በግራም በቀኝም 10 ሜትር ባዶ መሆን አለበት። ረዳቱ ምልክት መስጠት ካለበት ከፊት፣ ሹፌሩ በሚያየው ቦታ፣ ርቆ ይቁም። ሽቅብ ማየትም አይዘንጋ። የተነሳ ካሶኒ 7 ሜትር ይደርሳል፤ ወደ መንደሮች የሚሄደው 15 እና 33 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ ከዚያ ብዙም ላይርቅ ይችላል። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው በመተማና በቋራ በረሃ ካለ የሥራ ቦታ እስከ ጎንደር ሆስፒታል ድረስ ረጅም መንገድ ስላለው፣ እዚህ አካባቢ ከሕክምና ይልቅ መከላከል ላይ መተማመን ግድ ይላል።

አሁን ወደ ኃላፊነቱ እንምጣ። ሹፌሩ የሚከፈለው በቢያጆ ከሆነ እያንዳንዱ ያጠፋው ደቂቃ ከኪሱ ይወጣል። የሚያራግፍበትን ቦታ የሚያሳየው ፎርማኑ ወይም ጭነቱን ያዘዘው ሰው ነው። መኪናው የሌላ፣ ሥራው የሌላ፣ መሬቱ የሌላ ይሆናል፤ አደጋ ሲደርስ ግን ጥፋቱ በአንዱ ሹፌር ትከሻ ላይ ይወድቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ለሠራተኛው ስለ ሥራው አደገኛነት ማስረዳትም የዚያው ግዴታ አካል ነው። «ተጠንቀቅ» ብሎ መናገር ብቻ ግን መሬትን አያጠነክርም። ቦታ ማዘጋጀት ውድ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ግሬደርና ሮለር ባለበት የመንገድ ሥራ ላይ አንድ የማራገፊያ ሜዳ ደልድሎ በገረጋንቲ መጠቅጠቅ የተጋደመ ሲኖትራክ ማንሻ ክሬን ከጎንደር እስኪመጣ ከመጠበቅ በብዙ ይረክሳል። ግሬደር የሌለው፣ ቤት ለመሥራት ሁለት ቢያጆ አሸዋ የሚያዝ ግለሰብም ቢሆን መኪናው ከጥርጊያው መንገድ ሳይወጣ እንዲያራግፍ መፍቀድ ይችላል፤ የሚጨምረው ወጪ አሸዋውን በባሬላ ጥቂት ሜትር ማጋዝ ብቻ ነው።

ስለዚህ በገንዳ ውሃ፣ በኮኪት፣ በሽንፋም ሆነ በገለጉ ለምትሠሩ ተቋራጮችና የመኪና ባለንብረቶች የምለው ይህን ነው። የማጓጓዣ ውል ስትጽፉ ዋጋና የቢያጆ ብዛት ብቻ አትጻፉ። የማራገፊያውን ቦታ ደልድሎና ጠቅጥቆ የሚያዘጋጀው ማን እንደሆነ፣ ቦታው ካልተዘጋጀም ሹፌሩ ሳያራግፍ ቢመለስ ቢያጆው እንደሚከፈለው በግልጽ አስፍሩ።