በገና ዋዜማ የሚዘጋው በር

ታኅሣሥ ብርዱ የሚከርበት ወር ነው። አዲስ አበባ ሌሊት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች፤ ደብረ ብርሃን ላለ ሰውማ ይህም ሙቀት ነው። በበዓል ሰሞን ደግሞ ሌባ ይበዛል ይባላል። ስለዚህ የገና ዋዜማ ሲመሽ መስኮቱ ይጠረቀማል፣ በበሩ ሥር ያለው ክፍተት በጨርቅ ይወተፋል፣ የግቢው በር በጓጉንቸር ይከረቸማል። ቤትን መጠበቅ ለብዙዎቻችን ይኸው መዝጋት ነው። እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ከውጭ ሰብሮ የሚገባው አይደለም፤ እኛው አያይዘን፣ ጥደንና ለኩሰን በር የምንዘጋበት ነገር ነው።

ከሰልን እንውሰድ። ሲያያዝ ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ስለዚህ ደጅ እናያይዘዋለን። ፍሙ ቀልቶ ስስ አመድ ሲለብስ “ጭሱ አልቋል” ብለን ማንደጃውን ወደ ቤት እናስገባለን። ያለቀው ግን የሚታየው ጭስ ብቻ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከቀላው ፍም መውጣቱን አያቆምም። ቀለምም ሽታም የለውም፣ አያስልም፣ አያስነጥስም። የሚፈጠረው ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ስለሆነ ቤቱ በተዘጋ ቁጥር ይብሳል። ወደ ሳንባ የገባው ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይቀማል፤ የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደሙ ግን ለአንጎልና ለልብ የሚያደርሰው ነገር እያጣ ነው።

የዚህ መመረዝ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ናቸው። ታዲያ ከ40 ቀን በላይ ጾማ፣ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍና ስታቁላላ የዋለች ሴት “ራሴን አመመኝ” ብትል ማን ይደነግጣል? “ደክሞሽ ነው፣ ትንሽ ጋደም በይ” ትባላለች። በዚያች ሰዓት ከዚህ የከፋ ምክር የለም፤ ጋደም ያለ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ እንቅልፍ የወሰደው ደግሞ ሕመሙን አይሰማም። ድካምን ከጋዙ የምንለይበት ቀላል መንገድ አለ። ቤት ውስጥ ካሉት ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ወይም ደጅ ሲወጣ ቀለል ብሎት ሲመለስ ከባሰበት፣ ነገሩ ከድካም ያለፈ ነው። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ቶሎ ይጎዳሉ።

ያኔ የሚደረገው በርና መስኮት መክፈት፣ ሰውን ሁሉ ማውጣት፣ ከዚያም ማንደጃውን ማውጣት ነው። ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሸተት ከጥንት የመጣ ልማድ ነው፤ ደም ላይ የተጣበቀውን ጋዝ ግን አያላቅቁም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ማጠጣት ጭራሽ ሊያንቀው ይችላል። የሚያላቅቀው ኦክስጅን ነው። ተራ አየር እየተነፈሱ ጋዙ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት በጭንብል የሚሰጠው ንጹሕ ኦክስጅን ግን ይህን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያወርደዋል። ራሱን የሳተ፣ የተምታታበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነ ሰው ካለ “ነፋስ ይበቃዋል” ብሎ ማደር አይገባም።

የበዓል ቡና ይቅር አልልም፤ ብልስ ማን ይሰማኛል? ቡናው ሲፈላ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ክፍተቶች ይከፈቱ፤ በር ከአንድ ወገን፣ መስኮት ከሌላው፣ አየሩ እንዲያልፍ። ቶናው፣ በረካው ካለቀ በኋላ ማንደጃው ከእንግዳው ጋር ይውጣ። ለጠዋት ይቆይ ተብሎ በአመድ የተዳፈነ ፍምም ያው ጋዝ አለው፤ ሰው በማይተኛበት ማድ ቤት ወይም ደጅ ይደር። ዕጣን ማጨሻውም ከዚህ አያመልጥም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለገና የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ሽቶና ጫማ ከሚያዝ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ቢያስመጣ ይሻለዋል። መዳፍ የምታህል ዕቃ ናት፤ እዚያ በብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ትገኛለች።

የመዝጋቱ ሌላው መዘዝ እሳት ሲነሳ ነው። መስኮቶቻችን በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ናቸው። ሌባ እንዳይገባበት የተበየደ ብረት ሰውም አይወጣበትም። ስለዚህ የተለመደው አንድ በር ብቻ ይቀራል፤ እሱም ከውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ እናት ቦርሳ ውስጥ ነው። ከዚህ የከፋውን ለመናገር ይከብደኛል፤ ግን ይደረጋል። ቤተሰቡ ለማኅሌትና ለቅዳሴ ሲወጣ፣ የተኙት ልጆች ወይም የቤት ሠራተኛዋ እንዳይወጡ፣ ሌባም እንዳይገባ ተብሎ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ቅዳሴው የሚያልቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ቤት ውስጥ ያለ ሰው መውጫ የለውም። ሰው ያለበት ቤት ከውጭ አይቆለፍም። ከውስጥ የሚቆለፈውም ቢሆን ቁልፉ ሁሉም የሚያውቀው፣ ልጅም በጨለማ ደርሶ የሚያገኘው አንድ ቦታ ይንጠልጠል። ቢቻል ከፍርግርጎቹ አንዱን ማጠፊያ አስበይዶ ከውስጥ እንዲከፈት ማድረግ ነው፤ ለብረት ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቤቱ በጭስ ከተሞላ ደግሞ ጎንበስ ብሎ፣ ካስፈለገም በደረት ተስቦ መውጣት ነው፤ የሚተነፈሰው አየር የሚቀረው ወለሉ አካባቢ ነው።

እሳቱ ከየት ይነሳል ቢሉ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱን መጀመሪያ እጠረጥራለሁ። የቤት ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በእኛ 220 ቮልት ይህ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። ከገበያ የምንገዛው ማከፋፈያ ላይ ብዙ ጊዜ “10 አምፔር” ተጽፎ እናነባለን። ምጣዱን በእሱ ላይ ሰክቶ ከጎኑ ስቶቭ መጨመር ሽቦውን ራሱን ምጣድ ማድረግ ነው። ምጣድ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ሶኬቱ ከጠቆረ፣ ሲነኩት ከፋጀ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ነቅሎ ባለሙያ መጥራት ነው። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በካርቶን ደግፎ ማቆም፣ ለተቃጠለ ባልቦላም የመዳብ ሽቦ መጠምጠም፣ “ከበደኝ” ያለውን ሰው አፉን እንደ መያዝ ነው።

መብራት ሲሄድ የሚሆነውንም እናውቃለን። የበዓል ዋዜማ ነው፣ እንጀራው ምጣድ ላይ እያለ መብራት ሄደ። ጥቂት ይጠበቃል፣ ተስፋ ይቆረጣል፣ ነጠላ ተለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል። ምጣዱ እንደተሰካ ነው፤ ማሰሻውም ላዩ ላይ ተቀምጧል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መብራቱ ሲመጣ ቤት ማንም የለም። መብራት በሄደ ቅጽበት የተሰካውን ሁሉ መንቀል፣ አንድ አምፖል ብቻ እንደበራ መተው ነው፤ መምጣቱን እሱ ይናገራል።

የዶሮው ቁሌት ሰዓታት ይፈልጋል፤ ዘይትና ቅቤ ያለበትን ድስት ጥዶ መተኛት ግን አይቻልም። ዘይት እሳት ከያዘ ውኃ አይደፋበትም፤ ውኃው ወዲያው ተንኖ የሚነደውን ዘይት እስከ ኮርኒሱ ይረጨዋል። እሳቱን አጥፍቶ ድስቱን በክዳን መክደንና እስኪቀዘቅዝ አለመክፈት ነው። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከሸተተ ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም፣ ክብሪት አይጫርም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሲሊንደሩን ዘግቶ በሩን ከፍቶ መውጣት ይበቃል። የፈሰሰበትን ቦታ ኋላ የሳሙና አረፋ ያሳያል።

የተቃጠለ ልጅ ካለ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል አይቀባም፤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያቆሽሹታል። ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስበት፤ በረዶ ግን አይሁን።

ቄጠማው በመጀመሪያው ቀን እርጥብ ነው፣ አይጎዳም። እኛ ግን “እስከ ጥምቀት ያምር” ብለን 12 ቀን እንተወዋለን፤ በዚህ በጋ በሦስተኛው ቀን ድርቆሽ ይሆናል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ማንደጃው ተቀምጧል። ሻማም ከመጋረጃና ከአቡጀዲ ወይም ከማዳበሪያ ኮርኒስ ሥር አይለኮስም። የገና ዛፍ የሚያቆም ሰው መብራቱን ሳይነቅል አይተኛ።

ስለ ሌባ ብዙ አልልም፤ ከጎረቤት የተሻለ ዘበኛ አላውቅም። ላሊበላ ለመሄድ የተነሳ ሰው ለጎረቤቱ ይንገር እንጂ በፌስቡክ ለዓለም አይንገር፤ ፎቶው ሲመለስም ይደርሳል። ዋዜማ ላይ ውጭ የታሰረ በግ በጠዋት ገመዱ ብቻ የተገኘበት ቤት ደግሞ በየሰፈሩ አይጠፋም።

አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ቁጥሮቹ ስልክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ማድ ቤቱ በር ላይ ቢጻፉ ይሻላል። በድንጋጤ ሰዓት የቤት ቁጥር ማንም አያስታውስም፤ ቢያስታውስም አሽከርካሪው በእሱ አያገኘንም። ስለዚህ ሰፈራችን የሚታወቅበትን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም አደባባይ ለልጆቹ አስቀድመን እናስጠና። ከደወሉ በኋላም አንድ ወጣት እስከ አስፋልቱ ሮጦ መኪናውን ይጠብቅ፤ ሌላው በጠባቡ መግቢያ ላይ የቆሙትን የእንግዳ መኪኖች ያስነሳ።