ባክቴሪያ ትንቢት አይሰማም

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ ባለው የአለርት ሆስፒታል ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ይገኛል። ስሙን ያገኘው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ከለየው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያ ባክቴሪያ ዛሬም በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አልበቅል እንዳለ ነው። ሕያው ገላ ካላገኘ አይራባም፤ ሲራባም አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የተደከመበት ተህዋስ ገና በሳይንቲስቶች ፈቃድ አላደረም።

የዓለምን ፍጻሜ በገዛ እጃቸው ሊያፋጥኑ የተነሱ ሰዎች ከዚሁ እውነት ጋር ተጋጭተዋል። ኦም ሺንሪክዮ የተባለው የጃፓን ሃይማኖታዊ ቡድን መሪ ሾኮ አሳሃራ የመጨረሻው ጦርነት ደርሷል እያለ ይሰብክ ነበር። ተከታዮቹ መሃይም አልነበሩም፤ ኬሚስቶችና የልብ ቀዶ ሐኪም ሳይቀሩ ነበሩባቸው፤ ገንዘብም ሞልቷቸዋል። በ1993 ቶኪዮ ውስጥ ካሜይዶ በተባለ ሰፈር፣ ከሕንፃቸው ጣሪያ ላይ የአንትራክስ ተህዋስያን ረጩ። ጎረቤቶች ክርፋቱ አስመርሯቸው አቤት አሉ እንጂ በአንትራክስ የታመመ አልተገኘም።

አንትራክስ ገበሬዎቻችን አሳምረው የሚያውቁት አባ ሰንጋ ነው። ደህና የዋለ በሬ ድንገት ይወድቃል፤ ከአፍና ከአፍንጫው ደም ይወጣል፤ ቆዳውን የገፈፈ ሰው እጁ ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ይወጣበታል። ከዓመታት በኋላ የተደረገ የዘረመል ምርመራ እንዳሳየው፣ ኦም የረጨው ለከብት ክትባት የሚውለውን የተዳከመ ዝርያ ነበር። ቢሾፍቱ ውስጥ የእኛ ከብቶች ክትባት የሚዘጋጀውም ስተርን ከሚባለው ከዚሁ ዝርያ ነው።

ያን ያህል የተማረ ሰው እያለ እንዴት እንዲህ ሆነ? እኔ እንደማምነው ምክንያቱ አኗኗራቸው ነው። ሳይንስ «አልሠራም» ብሎ የሚናገር ሰው ይፈልጋል። ኦም ውስጥ ግን ሊወጡ የሞከሩ አባላት ተገድለዋል። እንዲህ ባለ ቤት ውድቀትን ደፍሮ ለመሪው የሚነግር አይገኝም።

በኬሚካል በኩል ግን ሰው ለመፍጀት በቅተዋል። በ1994 ማትሱሞቶ ከተማ ውስጥ፣ ማርች 20 ቀን 1995 ደግሞ በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡሮች ሳሪን የተባለ የነርቭ መርዝ ለቀቁ። በሁለቱ ጥቃቶች ከ20 በላይ ሰዎች ሲሞቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተጎድተዋል። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት ኬሚካል ሥራውን ሲጨርስ የሚያስወግደው ኢንዛይም አለ፤ ሳሪን የሚያሰናክለው ይህንን ኢንዛይም ነው። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ምራቅ ይዝረበረባል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በአገራችን የድንገተኛ ክፍሎች የሚሠሩ ነርሶች ይህን መልክ ከፀረ ተባይ መርዝ ያውቁታል፤ ብዙ ፀረ ተባዮች የሚያጠቁት ያንኑ ኢንዛይም ነውና። አትሮፒን የተባለው ማርከሻ የሚሰጠውም ለሁለቱም ነው።

ቶኪዮ ያን ጠዋት ግራ ተጋብታ ነበር። ማትሱሞቶ ላይ ተመሳሳይ ሕሙማን ያየ ሐኪም ዜናውን በቴሌቪዥን ተመልክቶ፣ ሳሪን ሊሆን እንደሚችል ለቶኪዮ ሆስፒታሎች ደውሎ ተናገረ። ሴንት ሉክ በተባለው ሆስፒታል ብቻ በዚያ ቀን 640 ሕሙማን ገብተዋል፤ ከልብሳቸው በሚወጣው ትነትም ከመቶ በላይ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ታመዋል።

በኢትዮጵያ ምድር የመርዝ ጋዝ ያዘነበው ግን መንግሥት ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ሳለ፣ ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን ግንባር ሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አርከፈከፈች፤ በ1939ም መንዝ ውስጥ ዘረት ዋሻ የተጠለሉትን፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ በዚሁ ጋዝ አጠቃች። አሳሃራ ያልነበረው አየር ኃይል እሷ ነበራት።

ሆን ተብሎ የተነዛ በሽታ ሲጀምር ከተራ ወረርሽኝ አይለይም። በ1984 አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ራጅኒሽ የተባለ መንፈሳዊ መሪ ተከታዮች የምግብ ቤት ሰላጣ በሳልሞኔላ በክለው 751 ሰዎች ሲታመሙ፣ ጥፋቱ ለአንድ ዓመት ያህል የተላከከው በምግብ ቤቶቹ ሠራተኞች ንጽሕና ላይ ነበር። ስለዚህ ኮልፌ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ያ ጥቁር ቁስል ቢያጋጥማት፣ መንስኤው የታመመ በሬ ይሁን የሰው ተንኮል እስኪጣራ አትጠብቅም። አባ ሰንጋ በአገራችን ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉት በሽታዎች አንዱ ነው፤ አንድ ታማሚ ብቻ ቢሆንም እንኳ።