ስለ ኵላሊት ሕመምተኞችና ስለ ወፍ በሽታ

ኵላሊቱ የደከመ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ በየሳምንቱ የተቈረጠ ቀን አለው። በዚያ ቀን ዝናም ቢሆን፣ ልቅሶም ቢሆን፣ ሕመምተኛውን ደግፎ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ግድ ነው። ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል፣ ደሙ በቀጭን ቧንቧ ከክንዱ ወጥቶ በመኪና ላይ በተገጠመ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ቆሻሻውንና ትርፍ ውሃውን ትቶ ጠርቶ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። ይህም ሥራ የኵላሊት እጥበት ይባላል።

ነገር ግን ይህ ሕይወትን የሚያድን መኪና ባለበት ክፍል ጥንቃቄ የጐደለ እንደ ሆነ፣ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው አዲስ በሽታ ሊሻገር እንደሚችል የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በሽታውም በአገራችን የወፍ በሽታ ከሚባለው ወገን ነው። ቤተ ሰብ አስቀድሞ ቢያውቀው ሊከላከለው የሚችለው ስለ ሆነ፣ ነገሩን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል።

ዐይንን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም ሕዝባችን የወፍ በሽታ ብሎ መጥራቱ የሌሊት ወፍ ታመጣዋለች ከሚል ሐሳብ የተነሣ ነው። ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት ግን ወፊቱ በደል የለባትም። ጕበትን የሚያቈስሉት፣ በዐይን የማይታዩ ቫይረስ የሚባሉ ረቂቅ ተሐዋስያን ናቸው። ከነዚህም ሄፓታይተስ ቢና ሄፓታይተስ ሲ የተባሉት ሁለቱ በደም ስለሚተላለፉ፣ ደሙን በመኪና ለሚያሳጥብ ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ያሠጉታል።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቪለም ኮልፍ የተባለው የሆላንድ ሐኪም አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ በ1943 ካምፐን በምትባል ከተማ የመጀመሪያውን ደም የሚያጥብ መኪና ሠራ። ከእንጨት በተበጀ በርሜል ላይ ሥጋ የሚጠቀለልበትን ስስ ሴሎፋን ጠምጥሞ ነበር የሠራው። በ1945 አንዲት ሴት በዚህ መኪና ከሞት ዳነች። ይሁን እንጂ በየጊዜው አዲስ የደም ሥር መቍረጥ ያስፈልግ ስለ ነበረ፣ እጥበቱ ለጥቂት ቀን ካልሆነ በቀር ለዘለቄታው የሚሆን አልነበረም። በ1960 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ቤልዲንግ ስክሪብነር በክንድ ላይ ተተክሎ የሚቀር የቴፍሎን ቧንቧ ባወጣ ጊዜ ይህ ችግር ተቃለለ። ኵላሊቱ የሞተ ሰው ለብዙ ዓመት ለመኖር ቻለ። በአንድ ክፍል ጐን ለጐን ተኝተው የሚታጠቡት ሕመምተኞችም በዙ። አደጋውም የገባው በዚሁ በር ነው።

የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤዲንበርግ በኵላሊት ሕክምና የታወቀች ነበረች። በብሪታንያ ምድር የተሳካው የመጀመሪያው የኵላሊት መተካት በ1960 የተፈጸመው በዚያች ከተማ በማይክል ውድረፍ እጅ ነው። በዚያው ከተማ በሚገኘው የኵላሊት ሕክምና ክፍል ከ1969 እስከ 1970 ድረስ የጕበት በሽታ ተነሥቶ ከአንዱ ወደ አንዱ ተዛመተ። ሲያበቃ 11 ሰዎች ሞተው ነበር። ከነዚህ 7ቱ ሕመምተኞች ሲሆኑ፣ 4ቱ ግን ሌላውን ሊያድኑ የተሰማሩ የሐኪም ቤቱ ሠራተኞች ነበሩ። ይህም ወሬ በሐኪሞች ሁሉ ዘንድ ታላቅ ድንጋጤ አሳደረ።

ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲመረምሩ ሁለት ነገር አገኙ። የመጀመሪያው፣ ኵላሊቱ የደከመ ሰው ሰውነቱ በሽታን የመታገል ኀይሉ ስለሚያንስ፣ ቫይረሱ ሲገባበት ብዙ ጊዜ ዐይኑ ቢጫ አይሆንም፤ ሕመሙም አይታወቀውም። ቫይረሱ ግን በጸጥታ በደሙ ውስጥ ለብዙ ዘመን ይኖራል። የጤነኛው አስታማሚ ሰውነት ግን በብርቱ ስለሚታገል ትግሉ ራሱ ጕበቱን ይጐዳዋል። ስለዚህ ቫይረሱን የያዘው ደኅና መስሎ ተቀምጦ ሳለ፣ የሚረዳው ታሞ ይወድቅ ነበር።

ሁለተኛው፣ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ሰባት ቀን እንኳ ሳይሞት መቈየት መቻሉ ነው። ደሙም በዐይን የማይታይ ጥቂት ሊሆን ይችላል። አስታማሚው የአንዱን ሕመምተኛ መርፌ ነቅሎ፣ ጓንቱን ሳይለውጥ የሁለተኛውን መኪና ቢነካ፣ ወይም ከአንድ ብልቃጥ ለብዙ ሰው መድኃኒት ቢቀዳ፣ በሽታው በዚያው ይሻገራል። እንግዲህ ጥፋቱ የመኪናው ሳይሆን የእጅ ነው ማለት ነው።

መፍትሔውም የተገኘው ከዚሁ ነው። ባሩክ ብሉምበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1965 ከባልደረቦቹ ጋራ የሄፓታይተስ ቢን ምልክት በደም ውስጥ ማግኘቱን ስለ ገለጸ፣ የተያዘውን ካልተያዘው ለመለየት ተቻለ። እርሱም በ1976 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በብሪታንያ በሎርድ ሮዘንሃይም የሚመራ የሊቃውንት ጉባኤ በ1972 ባወጣው መግለጫ፣ ሕመምተኛውም ሠራተኛውም ደሙ በየጊዜው እንዲመረመር፣ ቫይረሱ ያለበትም ለብቻው እንዲታጠብ መከረ። በአሜሪካ በ1974 ደማቸውን ከሚያሳጥቡት መካከል በዓመቱ በሄፓታይተስ ቢ አዲስ የተያዙት ከመቶ 6.2 ነበሩ። ይህን የመሰለ ሥርዓት ከተስፋፋ በኋላ ግን በ1980 ቍጥሩ ወደ 1 ከመቶ ወረደ። ክትባቱ በዚያ አገር የተፈቀደው በ1981 ስለ ሆነ፣ ይህ ሁሉ ለውጥ የመጣው በምርመራ፣ በመለየትና በንጽሕና ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሄፓታይተስ ሲ ማንነቱ የታወቀው በ1989 ነው። ለዚህኛው እስከ ዛሬ ክትባት አልተገኘለትም። ሆኖም በአፍ የሚወሰዱ አዳዲስ መድኃኒቶች ስላሉ፣ ከታመሙት የሚበዙት በ8 ወይም በ12 ሳምንት ይድናሉ፤ ከመድኃኒቶቹም ለኵላሊት ሕመምተኛ የሚስማሙ አሉ። ሄፓታይተስ ቢን ግን መድኃኒት ያስታግሠዋል እንጂ ፈጽሞ ከሰውነት የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ መከተብ ይበልጣል። የኵላሊት ሕመምተኛ ሰውነቱ ክትባቱን በደካማው ስለሚቀበለው፣ መጠኑ ከፍ ተደርጎ ይሰጠዋል፤ መያዙም በደም ምርመራ ይረጋገጣል። ከሁሉም የሚሻለው ኵላሊቱ ፈጽሞ ሳይደክምና እጥበት ሳይጀምር መከተብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም። የኵላሊት እጥበት በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ይሠራል፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የኵላሊት መተካት በ2015 ተጀምሯል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከሕፃናት ክትባት ጋራ በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው በሕፃንነቱ አልተከተበም፤ ዛሬ በእጥበት መኪና ዘንድ የሚተኛውም ይልቁንም ይኸው ትውልድ ነው።

ስለዚህ ሕመምተኛ ያለው ቤተ ሰብ ሐኪሙን በትሕትና እንዲህ ብሎ ይጠይቅ። የወገናችን ደም እጥበት ሳይጀምር ስለ ሁለቱ ቫይረሶች ተመርምሯልን? ክትባቱን ተቀብሎ መያዙ ታይቷልን? ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው በተለየ ክፍልና በተለየ መኪና ይታጠባሉን? አስታማሚዎቹስ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ እጃቸውን ታጥበው ጓንታቸውን ይለውጣሉን? ይህን መጠየቅ ሐኪሙን እንደ መድፈር አይቈጠርም። ሥራውን የሚያከብር ሐኪም በደስታ ይመልሳል።

በቤት ውስጥም አንድ ስሕተት እንዳይደረግ እንለምናለን። ሕመምተኛው ቫይረሱ የተገኘበት እንደ ሆነ፣ ሳህኑንና ዋንጫውን ለይተው፣ ልጆቹንም ከጕልበቱ አርቀው ለብቻው የሚያስቀምጡት ቤተ ሰቦች አሉ። ይህ ከበሽታው ይልቅ ልብን ያቈስላል፤ ጥቅምም የለውም። በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በማቀፍና በመሳም፣ እጅ በመጨባበጥ እነዚህ በሽታዎች አይተላለፉም። ሊለዩ የሚገባቸው ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቍረጫ ናቸው። የፈሰሰ ደም በጓንት ተጠርጎ ስፍራው በበረኪና ይታጠብ። ሄፓታይተስ ቢ ከሆነም ባል ወይም ሚስት፣ ልጆችና በቤቱ የሚኖሩት ሁሉ ተመርምረው ይከተቡ። ከዚህ በኋላ አባት እንደ ቀድሞው በማዕዱ ራስ ይቀመጥ።

በሹመት ላይ ያላችሁ ክቡራንም፣ ለሐኪም ቤት የሚሆን በጀት በእጃችሁ ሲያልፍ ይህን አስቡ። መኪናው ሲገዛና ሲመረቅ ሁሉም ያየዋል። ጓንት፣ ሳሙና፣ በረኪናና የደም መመርመሪያ ግን ሳይታዩ የሚያልቁ ስለ ሆኑ፣ ሲጐድሉም ቶሎ የሚያስተውላቸው የለም። በኤዲንበርግ ከሞቱት 11 ሰዎች የምንማረው ግን መኪናው ያለ እነርሱ ሕይወትን ለመጠበቅ የማይበቃ መሆኑን ነው።